ሁለት ረድፍ ቀዳዳ

ኤርሲሊያ ቦንቪኒን በአንዲት የኮረብታ ከተማ የሻሞላ ግጥሚያ መለማመጃ አዳራሽ የሚያውቋት ሁሉ «ጉምሩክ» ይሏት ነበር። በፊቷ ደፍሮ የሚላት ባይኖርም እሷ ታውቃለች፤ በልቧም ትኮራበት ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቀደደ ጃኬት ጠግናለች። ወላጅ ለልጁ ትጥቅ ገዝቶ ሲመጣም በእሷ በኩል ሳያልፍ ወደ ሜዳው አይገባም።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጃኬት ነዋ ሲኞራ! ወፍራም ነው፣ ንጹሕ ነጭ ነው፣ በቅናሽ ነው ያገኘሁት።»

«ወፍራምስ ፍራሽም ወፍራም ነው። ገልብጠው!»

ተገልብጦ ሲታይ ከጫፉ ላይ ትንሽ መለያ ጨርቅ መኖር አለበት፤ በእሱም ላይ ጨርቁን የፈተነው አካል ምልክትና ቁጥር። ቁጥሩ ጨርቁ ሳይበሳ የሚችለው ኃይል ነው፤ ለልጆች ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ለትልልቅ ውድድር ስምንት መቶ። ምልክት ከሌለው ጃኬቱን ለአባትየው ትመልስና «ይኼን ለብሰህ ሰላጣህን ኮትኩትበት» ትለዋለች። ጭንብሉንም ሳትጫነውና መረቡን በጣቷ ሳትዳስሰው አትለቅም። ሰው ያማት ነበር፤ ልጁን ግን በእሷ ላይ ጥሎ ይሄድ ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ያን ያደረገችው።

ኒቬስ ካርሌቲ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው። ለአገር አቀፉ ውድድር ስታልፍ አዳራሹ ስምንት መቶ ያለው አሮጌ ጃኬት አዋሳት። ከጃኬቱ ስር የምትለብሰው ሰደርያ ግን የልጅነቷ ነው፤ ሦስት መቶ ሃምሳ። ይህን ያዩት የፋሲካ ማግስት፣ ሱቅ ሁሉ በተዘጋበት ቀን፣ ባቡሩ ሊነሳ አራት ሰዓት ሲቀረው ነበር።

«ለመጪው ዓመት ትሂድ» አሉ አሠልጣኙ ማኤስትሮ ኦታቪዮ። «የውድድሩ ትጥቅ ፈታሾች ይመልሷታል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው።»

ኒቬስ አላለቀሰችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የጓንቷን ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታስራለች፣ መልሳ ትፈታለች። ብታለቅስ ኖሮ ኤርሲሊያ ትቆጣትና ነገሩ ያበቃ ነበር። ዝምታዋ ግን የኤርሲሊያን አንጀት በላው።

ከቁም ሣጥኑ ግርጌ ስምንት መቶ የሆነ አሮጌ ሰደርያ ነበር፤ ነገር ግን የግራኝ ነው። ሰደርያ ደግሞ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ሻሞላ የሚይዘውን ክንድ። ኒቬስ ግን በቀኟ ነው የምትይዘው። ኤርሲሊያ በሩን ዘጋች፤ መለያውን ከግራኙ ሰደርያ በምላጭ ፈታችና የኒቬስን ሰደርያ መለያ አንስታ በቦታው ሰፋችው። «ከውስጥ ለሚለበስ ማን ያየዋል?» አለች ለራሷ። ለልጅቱም ለማኤስትሮውም «ሌላ አገኘሁላት» ብላ ዋሸች፤ ሰደርያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነውና አልለዩትም። እጀ ወርቅ ነበረችና ፈታሾቹ ምንም ሳይጠረጥሩ ማኅተማቸውን መቱበት።

በሦስተኛው ግጥሚያ የተጋጣሚዋ ብረት ተሰበረ። ስባሪው በአሮጌው ጃኬት የብብት ስፌት በኩል ገብቶ ሰደርያውን በሳ፤ ሳንባዋንም አገኘው።

ኒቬስ ተረፈች። ቀኝ ክንዷ ግን ከትከሻዋ በላይ መነሳት አቃተው፤ ከዚያ ወዲያ ሻሞላ አልያዘችም፤ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ሐኪሙ «ሰደርያው ባይኖር ልቧን ነበር» ስላለ ከተማው በሙሉ ሰደርያውን እንደ ታቦት አከበረው። በየዓመቱም ለገና ኒቬስ ፓኔቶኔ የሚሉትን ጣፋጭ የበዓል ዳቦ ይዛ ትመጣለች። «ሲኞራ፣ ያገኙልኝ ሰደርያ ነው ያተረፈኝ!» እያለች ጉንጯን ትስማታለች። ኤርሲሊያም ሆድ ይፍጀው ብላ ትቀበላለች። ስምንት መቶው ቢሆን ኖሮ ብረቱ ከጨርቁ ላይ ይቆም ነበር፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም። ተጸጽታለች፤ በየዕለቱ ተጸጽታለች። የጸጸቷን ያህል ግን ፈርታለች።

በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ኒቬስ የስምንት ዓመት ልጇን ጂኔቭራን ይዛ መጣች። አዲስ ትጥቅ ገዝታላት ነበር። ከቦርሳዋም ፖስታ አወጣች፤ ውስጡ ያ መለያ ጨርቅ አለ። ከተቀደደው ሰደርያ ፈትታ አስቀምጣዋለች።

«ከልጄ ሰደርያ ላይ፣ ከራሱ መለያ ጎን ይስፉልኝ። እኔን የጠበቀኝ እሷንም ይጠብቃት።»

ኤርሲሊያ ክር በመርፌው አስገባች። ጨርቁን መርፌው ስር አደረገችው። መኪናውን ግን አልረገጠችም፤ መለያውን አውጥታ ለኒቬስ መለሰችላት።

«ገልብጪው» አለች።

«ምኑን?»

«መለያውን። ቀዳዳውን እይ። ስንት ረድፍ ነው?»

ኒቬስ ወደ መስኮቱ ያዘችው። «አንድ... ሁለት ነው። ለምን ሁለት ሆነ?»

«መጀመሪያ የተሰፋው የግራኝ ሰደርያ ላይ ነበር። ሌላ ሰደርያ አላገኘሁልሽም፤ የለበስሽው ያንኑ ሦስት መቶ ሃምሳውን ነው። እኔ ነኝ ልጄ። በዚህ እጄ።»

የኒቬስ ግራ እጅ ሳታዘው ወደ ቀኝ ትከሻዋ ሄደ።

«ያ ሁሉ ፓኔቶኔስ?»

«በላሁት። ሁሉንም በላሁት።»

«ለምን ግን?»

«አሳዘንሽኝ። እንድትሄጂ ፈለግሁ።»

«ቢከለክሉኝ ኖሮ እኮ» አለች ኒቬስ፤ ድምጿ አልጮኸም፤ «ሳምንት አኩርፌዎት እረሳው ነበር።»

ኤርሲሊያ ይቅርታ ልትል አፏን ብትከፍትም ቃሉ ለነገሩ አነሰባት።

«እማዬ፣ አይሰፋም እንዴ?» አለች ጂኔቭራ።

«አይሰፋም፤ ነይ።»

ኒቬስ መለያውን መኪናው ላይ ተወችና የልጇን ሰደርያ አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ኤርሲሊያ ያን ሰደርያ ቅድም አይታዋለች፤ ደህና ነበር፤ «ደህና ነው» ልትላት ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ኒቬስ ሰደርያውን ገለበጠችው፤ መለያውን ከዳር እስከ ዳር በጥፍሯ ዳሰሰች፤ ስፌቱን ቆጠረች፤ ቁጥሩንም ራሷ አነበበች።