ለአማት የተያዘ አምባዛ

ሚክያስን የሆሳዕና ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁጭ ብሎ ያየው ግን የለም። ሻይ እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ባጃጅ ነድቷል፣ ጫማ ሸጧል፣ አንድ ሴሚስተር ሒሳብ አስተምሯል፤ አንዱም አላሰነበተውም። የረጋለት ነገር ቢኖር ለጵርስቅላ ያለው ፍቅር ብቻ ነው።

አባቷ አቶ ሽብሩ ቦዮ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ፣ ቅዳሜን የሚያከብሩ አማኝ ናቸው። የሚክያስን ሽማግሌዎች በአክብሮት ተቀብለው በአክብሮት መለሷቸው። «ልጁ አይረጋም ይሉኛል። ልጄን ለነፋስ አልድርም። እሁድ ከሰዓት ራሱ ይምጣና ልየው» አሉ።

ሚክያስ እንቅልፍ አጣ። ባዶ እጁን መሄድ ስላልፈለገ ጵርስቅላ ጋ ደውሎ «አባትሽ ምን ይወዳሉ?» አላት። «አባዬ ዓሣ ይወዳል፣ ግን...» ስትል ስልኩን ዘጋው። የሚያስፈልገውን ሰምቷላ!

እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራሙን ትቶ ሐይቁ ዳር ደረሰ። ጓደኛው ወንዳፈረው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ወፍ ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ትተውለት የሄዱ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቀጭን የፕላስቲክ ጀልባ አለችው። ካያክ ይላታል። ቆሮሶ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ባለ ቅርፊት ዓሦች በባልዲ ውሃ አድርጎ ሰጠው።

«አንዷን ከነነፍሷ ከንፈሯ ላይ መንጠቆ ታስገባለህ። ክሩን ከኋላህ ትለቅና ቀስ ብለህ ትቀዝፋለህ፤ ራሷ የምትዋኝ እስኪመስል። ከቸኮልክ ትሞታለች፤ የሞተችውን ደግሞ ትልቁ ዓሣ ዞር ብሎ አያያትም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ሚክያስ፣ መቅዘፊያውን ነጠቅ አድርጎ።

ምንም አልገባውም። ባጃጅ የሚነዳ ይመስል ቀዘፈ። ክሩን ሲስበው ቆሮሶዋ ሞታ ወጣች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመውም አልነበረው። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል፤ ጉልበቱ አላርፍ ብሎት ጀልባዋን ያንቀጠቅጣታል። ሦስተኛዋን ውሃው ላይ እንደለቀቃት ሃያ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ጉማሬ ብቅ አለች። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይን። ዝም ብላ ታየዋለች።

ሚክያስ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። መቅዘፊያውን ድምፅ ሳያሰማ እያስገባ፣ ሳያሰማ እያወጣ፣ ቄጠማውን ታክኮ ይሸሽ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያ ሄደ። ዓሣውንም አቶ ሽብሩንም ረስቷቸው ነበር። ክሩ የተጎተተው ያን ጊዜ ነው።

ከክንዱ የሚረዝም አምባዛ! በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለውና፣ ባልዲውን እንኳ መመለስ ረስቶ፣ ከነባልዲው ሞተር ሳይክል ላይ ወጣ።

አቶ ሽብሩ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። አምባዛውን እግራቸው ሥር ሲዘረጋው ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጵርስቅላ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሚኪ፣ ቅርፊት የለውም እኮ። እኛ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም። ልነግርህ ስል ነው ስልኩን የዘጋኸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«በምን ያዝከው?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«በቆሮሶ፣ አባባ።»

«የሚበላውን ሰጥተህ የማይበላውን አመጣህ በለኛ።» አንዱ ጎረቤት ሳቁን ዋጠ። «በቆሮሶ የሚያጠምድ ሰው ቀስ ብሎ መቅዘፍ አለበት። አንተን ማን አረጋህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ጉማሬ ናት፣ አባባ። ፈርቼ እንጂ ረግቼ አይደለም።»

አቶ ሽብሩ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ባልዲው ውስጥ ተመለከቱ። የተረፉት ሦስት ቆሮሶዎች አሁንም ይዋኛሉ።

«እነዚህን ጥበሻቸው» አሏት ልጃቸውን። ወደ ሚክያስ ዞረውም «ሠርጉ ያሆዴ ካለፈ በኋላ ይሆናል» አሉት።

ያሆዴ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ። ጊዜው ደግሞ ገና ጥር ነበር። ስምንት ወር! ሚክያስ ሊናገር አፉን ከፈተ። አቶ ሽብሩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቁታል። ጉማሬዋም እንዲሁ ነበር ያየችው።

አፉን ዘጋ። በርጩማ ሳብ አደረገና ቁጭ አለ።