አርባ ሰባት ሲጠራ

እናቴና አባቴ ሮም የመጡት ለአንድ ወር ነበር፤ አራት ወር ተቀመጡ። ሰው ሲጠይቀኝ የአባቴን የዓይን ሕክምና አነሣለሁ። ሕክምናው ግን በሦስት ሳምንት አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ያስቀመጣቸው የእኔ ፈሪነት ነው እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ክረምት የምለው የፈረንጁን ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት።

ጊዜው ቀይ ሽብር ጋብ ያለበት ሰሞን ነው። ታናሽ ወንድሜ ከታሰረ ዓመት አልፎታል። እኔ አንዲት አሮጊት ቤት በሠራተኝነት ተቀጥሬ እዚያው አድራለሁ፤ የምወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው። ጥቅምት ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያገሬ ሰዎች የሚያዘወትሩት ቡና ቤት ስገባ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሳምንት ያልሞላት የሰፈራችን ሴት ተጠመጠመችብኝና «ስለ ወንድምሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኔ የወንድሜን ሞት ቆሜ፣ ካፑቺኖ የያዘ ሰው «ፔርሜሶ»፣ አሳልፊኝ፣ እያለ በትከሻው ሲገፋኝ ሰማሁት።

«እናቴ ሰምታለች?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፤ ጥቁር ለብሳ አላየኋትም» አለች።

ይቺን ቃል ይዤ ሄድኩ። ጥቁር ካልለበሰች አልሰማችም ብዬ ደመደምኩ።

ከወር በኋላ መጡ። አባቴ ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ ወጥተው ነበር። አንድ ጎረቤታችን «ካልተመለሱ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ ዋስ ሆኖ ፈርሞ፣ ለሕክምና የመውጫ ቪዛ ተሰጣቸው። እኔ ሮም ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ መልበስ ጀምሬ ነበር። እነሱ የሚመጡ ዕለት አውልቄ አልጋ ሥር ወረወርኩና ቀይ ሻርፕ አድርጌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። እናቴ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ካልጠየቅሁ ይነቃብኛል ብዬ፣ ገና ተሳስመን ሳንጨርስ «እሱስ እንዴት ነው?» አልኩ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ደህና ነው። ስንቁን ጎረቤታችን ታደርስለታለች።»

ለሞተ ልጅ በየቀኑ ምሳ ይቋጠራል ማለት ነው። አባቴ ሻንጣውን ለማንሣት ጎንበስ አሉና ሳያስፈልግ ብዙ ቆዩ።

ያሳረፍኳቸው ኦስቲያ ነው፤ ባሕሩ ዳር። በበጋ ሰው የሚተራመስበት ሰፈር በብርዱ ወራት ኪራዩ ይወርዳል፤ ፔንሲዮኔ የሚሉትን ማረፊያ ቤት ጡረተኞች በቅናሽ ይይዙታል። ከእናትና አባቴ ሌላ ስድስት ጣሊያን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ባለቤቷ ሲኞራ የናፖሊ ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከጫማዋ እስከ ጸጉር መሸፈኛዋ ጥቁር ነው። እናቴ ደጋግማ ታያታለች። አንድ ቀን «ታድላ!» ስትል ሰማኋት። ምኗ ነው የታደለችው ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከክፍላቸው ቀጥሎ ያለው ክፍል ባዶ ነበር። ወንድሜ አምሽቶ ቤት ሲገባ በራችን እንዳይጮህ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር የሚዘጋው፤ አንድ እሑድ ምሳ በልተን ተቀምጠን ያንን ድምፅ ሰማን። እንጨት ከፍ ሲል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሲገጥም። እናቴ «ቀስ አድርጎ ዘጋው» አለች፤ ለእኔ አይደለም፤ ለማንም አይደለም። ተነሥቼ ሄጄ ከፈትኩ። የተጠቀለለ ፍራሽና የተዘጋ መስኮት ብቻ ነበር። ነፋስ ነው ብዬ ተመለስኩ፤ መስኮቱ መዘጋቱን አልነገርኳቸውም። ፈርቼ ነበር፤ ደግሞ እንደገና እንዲሰማ ፈልጌ ነበር።

አባቴም ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ሲንሸራሸሩ ድንገት ይቆማሉ። የጫማውን ክር ለሚያስር ሰው እንደሚቆመው ዘወር ብለው ጥቂት ይጠብቁና ይቀጥላሉ። ማንን እንደሚጠብቁ መጠየቅ አልደፈርኩም። እኔ ራሴ ሦስት ሆነን በሄድንበት ስንመለስ ዱካ ቆጥሬያለሁ። እብደት ነው፤ ግን ቆጥሬያለሁ።

በየሐሙሱና በየእሑዱ ወደ ኦስቲያ በሚሄደው ባቡር የምናገረውን አጥንቼ እሳፈራለሁ፤ ማታ እንዳጠናሁት ይዤው እመለሳለሁ። ወሩና የመቆያ ፈቃዳቸው ሲያልቅ «አሎራ፣ እንግዲህ ሶጆርኖውን እናራዝመው፤ ብርዱ ሳይለቅ ዓይንዎን ነፋስ ይመታዋል» አልኩ። አባቴ ይከራከራሉ ብዬ ነበር፤ «እንዳልሽ» አሉ። በሁለተኛው ወር እናቴ ራሷ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ ይሁን፣ አለችኝ፤ ከጣሊያንኛ የያዘቻት ቃል እሷ ናት። በሦስተኛው ወር ማለቂያ ግን ከዋሱ ደብዳቤ መጣ። ቀበሌ እየጠራ የት አሉ ይለኛል፤ እስከ የካቲት ማለቂያ ካልገቡ ታሣሪው እኔ ነኝ ይላል። የረቡዕ ቲኬት ተቆረጠ። ሳልነግራቸው ከሄዱ እንደ እኔ መንገድ ላይ፣ ከማንም አፍ ሊሰሙት ነው። ይህን እያወቅሁ አሁንም አፌ አልከፈት አለ።

እሑድ ከምሳ በኋላ በፔንሲዮኔው ቶምቦላ ይጫወታሉ። ሲኞራዋ ከቅርጫት ቁጥር ታወጣለች፤ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ያለው ሰው ባቄላ ያስቀምጥበታል፤ ካርዱ ቀድሞ የሞላለት ያሸንፋል። በናፖሊ ልማድ እያንዳንዱ ቁጥር ስም ስላለው ከቁጥሩ ጋር ስሙን ትጮኻለች። ሠላሳ ሦስት የክርስቶስ ዕድሜ ነው፤ ሃያ ሁለት እብዱ፤ ዘጠና ፍርሃት። አርባ ሰባት «ኢል ሞርቶ» ነው፤ ሟቹ። እናቴ ጣሊያንኛ ስለማትሰማ አጠገቧ ተቀምጬ ቁጥሩን በአማርኛ በጆሮዋ እነግራታለሁ። አርባ ሰባት ሲጠራ ግን ዝም እላለሁ። ያንን ቃል ወደ እናቴ ጆሮ ላስገባው አልችልም። ካርዷ ላይ ያ ቁጥር ካለ ባዶውን ይቀራል። በጠላት ጊዜ ጣሊያንኛ የለመዱት አባቴም ባቄላውን በጣታቸው ይዘው ይቆዩና መልሰው ሳህኑ ላይ ያኖሩታል። ዓይናቸው ደክሞ ነው እል ነበር።

በመጨረሻው እሑድ እናቴ ቀናት። ካርዷ ሞልቶ አንዲት ቁጥር ብቻ ቀረቻት፤ አርባ ሰባት። ሲኞራዋ እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ከትታ አወጣችና «ኢል ሞርቶ!» ብላ ጮኸች።

ዝም አልኩ።

እናቴ ባቄላ አነሣች፤ ግን አላስቀመጠችውም። ዞር ብላ በዝግታ «ልጄ፣ ይቺን ቁጥር ለምንድን ነው የምትደብቂኝ?» አለችኝ።

«የቷን?»

«አርባ ሰባትን። ምን ማለት እንደሆነ አባትሽ በመጀመሪያው እሑድ ነግሮኛል። ሌላውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ፤ እሷን ብቻ ከዚያ ጀምሮ ትደብቂኛለሽ።» ፊቴን ስትመረምር ቆየችና «ታውቂያለሽ» አለች። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

አባቴ ብድግ ሲሉ የባቄላው ሳህን ተገለበጠ። «ማን ነገረሽ? መቼ?»

«በጥቅምት» አልኩ። «እናንተ ስንቅ... ስንቅ እንልካለን አላላችሁም?»

«ስንቅ አታምጡ ካሉን ስምንት ወራችን ነው» አለች እናቴ። «እሱስ እንዴት ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ ምን ልበልሽ? ሻርፕሽን አድርገሽ፣ እየሳቅሽ። እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልግደልሽ?»

የመጡት ለዓይን አልነበረም። ሊያረዱኝ ነበር የመጡት። ደብዳቤ እንደሚከፈት ከአባቴ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሠላሳ ዓመት ሲያዩት ኖረዋል። የልጃቸውን ሞት ፖስታ ውስጥ አሽገው መላክ አልሆነላቸውም። መጥተው ደግሞ አቃታቸው። እኔ ሶጆርኖ ይራዘም ስል እነሱ ተመስገን አንድ ወር ተገኘ ይሉ ነበር። እኔ ለእነሱ ስል፣ እነሱ ለእኔ ሲሉ፣ አራት ወር ሙሉ ሦስታችንም ልቅሶ ላይ ሆነን ባቄላ ስንደረድር ከረምን።

«ጥቁር ሳትለብሺ ሳይ ነው እኮ...» አልኳት።

«ከለከሉን። ያለቀሰ፣ ጥቁር የለበሰ፣ ድንኳን የጣለ፣ እሱም ከነሱ ወገን ነው ተባለ።»

እዚያው ልጮህ ስል ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። «አይሆንም። እንዲህ አይደለም። ነገ ጠዋት።»

ለአሠሪዬ ስልክ ደውዬ አመመኝ ብዬ እዚያው አደርኩ። በማለዳው አባቴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው ቆመው ጠበቁኝ። እናቴ ጥቁር ለብሳለች፤ ከሻንጣው ሥር የወጣ፣ የመታጠፊያው መስመር ያልለቀቀው። ሲኞራዋ ነገሩን ከአባቴ ሰምታ ጡረተኞቹን ቀስቅሳለች፤ በቶምቦላው ወንበሮች ላይ ስድስቱም በቤት ጫማቸው ተቀምጠዋል። አባቴ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ስም ጠሩ። ከመጡ ጀምሮ ከአፋቸው ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ «ልጄ፣ ወንድምሽ ሞቷል» አሉ። አራት ወር ያወቅሁት ነገር ያን ጠዋት ገና የሰማሁት ሆኖ ጣለኝ። ስድስቱ ጣሊያኖች አብረውን አለቀሱ፤ ሲኞራዋ ደረቷን እየመታች።

እናቴ ለእኔም ጥቁር ቀሚስ ይዛ መጥታ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ በሯን ዘግታ በድሮው ልኬ የሰፋችው። ትከሻዬ ላይ አላልፍ አለ። እያለቀሰች «ወፍረሻል» አለችኝና የብብቱን ስፌት በጥርሷ ተረተረችው።

ረቡዕ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ያንን አረንጓዴ ጥለት ነጠላ ለብሳ ነበር። ጥቁሩን አጣጥፋ ሰጠችኝ። «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለች፤ «እዚያ አይለበስም።» አባቴ ወደ ፍተሻው ሲያልፉ አንዴ ቆመው ዘወር አሉ፤ ከእኔ ትንሽ ራቅ ወዳለ ቦታ አይተው፣ ጥቂት ጠብቀው ሄዱ።

የእኔን አስፍቼ ዓመት ለበስኩት። የእናቴ እስካሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው የተለበሰው።