የሸሚዙ ጀርባ

በየጠዋቱ ሻሿን ከማሰሯ በፊት በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር በእጇ ትዳብሳለች። የቤቱ ሕግ ነው፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ልብስ ለመቀስ የተሰጠ ነው። ማንም «ውሰጂው» አይላትም፣ እሷም «ልውሰደው?» ብላ አትጠይቅም። ልጇ የጠበባትን ቀሚስ፣ ጎረቤቷ ክርኑ ያለቀ ሹራብ ጣል ያደርጉላታል። አብዛኛውን ቀን ግን ወንበሯ ባዶ ናት።

ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሐር፣ የሰው ከፈይ በእጇ ያልፋል፤ ከዚያ ሁሉ አንዲት ክር የእሷ አይደለችም። ከሥራ ስትመለስ የራሷን ቁርጥራጭ ገጣጥማ ልትሰፋ አልጋ ላይ ትዘረጋለች። ለዚህ ብላ ጨርቅ ገዝታ አታውቅም። ክሩን ከአሮጌ መጋረጃ ትፈታለች፤ ገበሩ ያረጀ አንሶላ ነው። ጎረቤቶቿ «ድሪቶ» ይሉታል። እሷ ብርድ ልብስ ነው ትላለች፤ ሲበርዳቸው መጥተው የሚዋሱትም እሱኑ ነው።

ዘንድሮ የምትሰፋው ለመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። ልጇ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ከቤተሰቡ ሰው ሁሉ አንዳንድ ቁራጭ ገብቷል፤ ከባሏ በቀር። ባሏ አውቶቡስ ተራ ትኬት ቆራጭ ነው፤ ልብስ እስኪበጣጠስ የሚለብስ ሰው።

«አንድ ካናቴራ እንኳ?» ትለዋለች።

«ገና ይለበሳል።»

«አንገቱ የታለና?»

«አንገትማ እኔ አለኝ። ለሱ ምን ያደርግለታል?»

ብርድ ልብሱ መሐል ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት የአያትየው ቦታ ክፍት ሆና ቆየች። በሌላ ሰው ጨርቅ ልትሞላት እጇ እምቢ አለ።

እሑድ ከሰዓት ከገበያ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ አገኘች፤ የባሏን የሥራ ሸሚዝ። አዲስ የደንብ ልብስ የታደለው መስሏት «አይ አንተ ሰው! ለካ አንጀት አለህ» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ሸሚዝ ሁልጊዜ ከጀርባው ነው የምትጀምረው፤ አንገትና ክርን ቶሎ ያልቃሉ፣ ጀርባ ግን እንደ አዲስ ይቆያል። ጀርባውን በሙሉ አወጣችና በመዳፍ ልክ ከታተፈችው። የመጨረሻውን ስትቆርጥ ባሏና ልጇ ተከታትለው ገቡ።

«ሸሚዜን ተኮስሽልኝ?» አለ ባሏ።

«የቱን ሸሚዝ?»

«ምስማሩ ላይ ጃኬቴ ነበረና ወንበሩ ላይ...» አለና መቀሱን አየ።

ልጇ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አባዬ፣ በስተርጅና ሕግ ጣስክ!»

እናትየው ግን አልሳቀችም። ለካ ያለው የደንብ ልብስ አሁንም ያ ብቻ ነው፤ ያለሱ ደግሞ ነገ ትኬት መስኮቱ ላይ አያስቀምጡትም። ሸሚዙን አነሳችው፤ ፊቱ ደህና ነው፣ ቁልፎቹም ሙሉ ናቸው፤ በጀርባው በኩል ግን ግድግዳው ይታያል።

«እመልሰዋለሁ» አለች።

ቁራጮቹን መልሳ መግጠም ጀመረች። ግን ስፌት ጨርቅ ይበላል፤ ጀርባው አራት ጣት ሊጠብ ነው። የሚጨመር ሰማያዊ ጨርቅ ቤት ውስጥ የለም፤ ያለው ከልጇ ቀሚስ የተረፈ አበባ ያለበት ነው። እሱን ዳርና ዳር ልታስገባ ስትለካ፣ ባሏ ገና ካልተሰፉት ቁራጮች አንዷን አነሳና ሄዶ ወንበሯ ላይ አስቀመጣት።

«ምን ማድረግህ ነው? ጀርባህ ይጎድላል እኮ!»

«እሱንም በአበባው ሙዪው» አለ። «ሕዝቡ የሚያየው ደረቴን ነው። ጀርባዬን የሚያየው ግድግዳው ነው፤ እሱ ደግሞ አይስቅም።»

«እትዬ መቀስ» አለች ልጇ እናቷን፣ «ቶሎ ውሰጃት፤ ሐሳቡን ሳይቀይር።»

ወሰደቻት። ሰማያዊዋን ቁራጭ መሐል ላይ፣ ክፍት በቆየችው ቦታ ሰፋቻት፤ ከዚያ ወደ ሸሚዙ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ባሏ ከሰማያዊው መሐል አበባ የበቀለበት ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ጀርባውን የሚሸፍንለትን ጃኬቱን ከምስማሩ አላወረደም። አዲስ የደንብ ልብስ የሚታደለው ከስምንት ወር በኋላ ነው።