አባቴ ገበያ መሀል ገንፎ ሳማስል ደረሱብኝ

ዛሬ የልጅ ልጄ ነጭ ኮፍያና ሽርጥ ያደረገበትን ፎቶ ላከልኝ። በበቆሎ ዱቄት ፋብሪካ የክረምት ልምምድ ጀምሯል። «አያቴ፣ እንዳትስቅብኝ» ይላል።

ሳቅኩ! ግን በእሱ አይደለም፤ የራሴ ክረምት ትዝ ብሎኝ ነው።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ፣ አዲስ የበቆሎ ዘር እንዳስተዋውቅ ከአንኮበር በታች ቆላ ወዳለችው የገበያ ከተማ አልዩ አምባ ተመደብኩ። አባቴ አንኮበር ቄስ ነበሩ። ለደብሩ ሁሉ «ልጄ የመንግሥት ቢሮ ገባ» ብለው አውርተዋል።

ቢሮዬ ግን ገበያ መሀል የተጣደ ድስት ነበር። ሰው የበቆሎውን ጣዕም ይወቅ ተብሎ ገንፎ እንዳገነፋ ታዘዝኩ። (ከዚያ በፊት ውሃ እንኳ አፍልቼ አላውቅም።)

ገበያተኛው ወንድ ሲያማስል ለማየት ከበበኝ። ጨው ነጋዴዋ እትዬ ዘሀራ «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ድስቱን ይሰብረዋል!» እያሉ ይስቃሉ።

ድንገት ሰዉ መንገድ ለቀቀ። አባቴ ሁለት ቄሶች አስከትለው ቢሮዬን ሊያሳዩ ወርደዋል!

እኔን አዩ፤ ድስቱን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለጓደኞቻቸው «ይኸውላችሁ፣ የዚህ ሁሉ ኃላፊ ልጄ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «አማስል እንጂ፣ ሊያርብህ ነው!»

ገንፎው ጓጉሎ ነበር፤ ሦስቱም ግን ጠርገው በሉት። አንኮበር ሲመለሱ ወሬው «የቄሱ ልጅ ቆላ ወርዶ ሕዝብ ይቀልባል» ሆነ።

እስቲ እናንተም አውሩኝ፤ ቤተሰብ ሥራችሁን ሊያይ መጥቶ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያሰኛችሁ ቀን የለም?