ጉንጬና እትዬ አልማዝ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በነበረው የኪራይ ግቢያችን አባባ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ አመሻሽ ላይ ከሰል አያይዘው፣ የፋኖሱን ብርሃን ዝቅ አድርገው፣ ለከበብናቸው ልጆች ተረት ያወሩልን ነበር። ከሁሉ የምፈራው የአልማዝ ባለጭራን ተረት ነበር። ትልልቆቹ የሚያቃጥል የቆዳ ሽፍታን በዚህ ስም እንደሚጠሩ ያኔ አላውቅም፤ ለእኔ አልማዝ በተኛ ሰው ፊት ላይ ጭራዋን እየጎተተች የምታልፍ፣ ያለፈችበትንም አቅልታ የምታደርቅ ፍጡር ነበረች።

በዚያው ሰሞን ሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ብቸኛ ሴት የጓሮውን ክፍል ተከራየች። ስሟ አልማዝ ነበር። ሹሩባዋ ወገቧ ድረስ ይወርዳል፤ እኔም ከሹሩባው በታች ሌላ የሚንጠለጠል ነገር ይኖር እንደሆነ ለማየት ከኋላዋ አልጠፋም ነበር። እናቴም በበኩሏ አላመነቻትም። ዘመድ የማይጠይቃት ሴት ምን ብትሆን ነው ትል ነበር።

የጥቅምት ደረቅ ብርድ ሲገባ ጉንጮቼ ቀሉ፤ ከዚያም ይላላጡ፣ ስስቅም ይሰነጠቁ ጀመር። እናቴ አባባ ደምሴ ዘንድ ወሰደችኝ። ፋኖሱን አስጠግተው ብዙ አዩኝና «አልማዝ ናት» አሉ። ስለ ሽፍታው መናገራቸው ነበር። አጠገባችን የቆሙት ጎረቤቶች ግን ዓይናቸውን ወደ ጓሮው ክፍል ወረወሩ። በማግስቱ እትዬ አልማዝ «እንዴት አደራችሁ» ስትል የሚመልስላት ጠፋ። ቡዳ ናት፣ ከግቢው ትውጣልን ተባለ።

ወሬው ሲደርሳት እቤታችን መጣች። አገጬን ቀና አድርጋ አየችኝ።

«ፊቷን በምንድን ነው የምታጥቢያት?»

«በሳሙና ነዋ። በምን ላጥባት ኖሯል?»

«በልብስ ሳሙና?»

እናቴ ሳሙናውን አንስታ አሳየቻት።

«እሱ ነው ያደረቃት። የእኔንም እጅ የፈጀው እሱ ነው። ለብ ባለ ውሃ ብቻ እጠቢያት፤ ሳታሺ አድርቂያት፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይሄን ቀቢያት» ብላ ከመቀነቷ የቫዝሊን ብልቃጥ አወጣች።

እናቴ እጇን አልዘረጋችም። ጠላ የሚቀዳ ሰው ከማቅረቡ በፊት ራሱ እንደሚቀምሰው ሁሉ፣ «መጀመሪያ አንቺ ተቀቢው» አለቻት። እትዬ አልማዝ በጣቷ ዝቃ ግንባሯንና ጉንጯን ቀባች፤ ፊቷ በኩራዙ ብርሃን አብለጨለጨ፣ ዓይኗንም እንባ ሞልቶት ነበር። አዘንኩላት፤ ግን ደግሞ ፈራኋት።

ጉንጬ ብዙም ሳይቆይ ለሰለሰ። እሷም ከእንግዲህ ትታመናለች ብዬ ነበር። ግቢው ግን «ያመጣችው እሷ ባትሆን እንዴት ታነሳው ነበር?» ተባባለ። የግቢው ባለቤት ልቀቂ አላት፤ ጓዟን ተሸክማ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ከአባባ ደምሴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። እናቴ ዛሬ አርጅታለች። የልጅ ልጄን ፊት ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች፣ ሳታሽ ታደርቃለች፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ትቀባለች። ይህን ሙያ ከማን እንደተማረች ስጠይቃት ቀና እንኳ ሳትል «ከዚያች ቡዳ» ትለኛለች።