የታችኛው ቤት ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መዶሻና መሮ ተሰጠኝ። ወጣቶች በማኅበር እየተደራጁ የአዲስ አበባን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን የሚያነጥፉበት ጊዜ ነበር። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ ውዬ፣ የቡድን መሪያችን ጋሽ ታደሰ የተቀበሉኝ አራቱን ብቻ ነው። «የቀሩትን ነገ እንደገና ትሞክሪያለሽ» ብለው ሄዱ። እጄ አብጦ እራት ስበላ ጉርሻ መጠቅለል አቃተኝ።

ከጠራቢነት ወደ አንጣፊነት ለመሻገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጋሽ ታደሰ ወገባቸውን ታመው ሥራውን ሲተዉ ቡድኑን እኔ ተረከብኩ። በኃላፊነት የያዝኩት የመጀመሪያው መንገድ ከኮተቤ ዋና መንገድ ወደ ተራራው የሚወጣ ቅያስ ነው። ክረምት ሲመጣ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ጎርፍ በዚያው ያልፋል።

አፈሩ ተቆረጠ፣ ገረጋንቲ ተደለደለ፣ መጠቅጠቂያው መኪና ዳምጠው ሄደበት። ድንጋይ የምንደረድርበትን ክር ስንወጥር ከቅያሱ መታጠፊያ በታች ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘይነባ መጡ። ከስልጤ መጥተው እዚህ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ እንዲህ ካጋደላችሁት ውሃው ሁሉ እንደ ወትሮው እኔ ቤት ነው የሚገባው» አሉኝ።

ፕላኑን አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። የውሃ መውረጃው ቦይ መሠራት የነበረበት ከላይ በኩል ነው። እዚያ ደግሞ የአቶ ደስታ አጥር አንድ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ገብቷል። ፕላኑ አጥሩን ላለመንካት ሲል ውሃውን ወደ ታች ልኮታል።

ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ነገርኩት። «በዲዛይኑ መሠረት አንጥፊ። አጥር ማስነሳት የአንቺ ሥራ አይደለም» አለኝ።

አቶ ደስታ ጋ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ይህን አጥር ያጠርኩት ሰፈሩ ገና ጫካ ሳለ ነው። ካርታ አለኝ» አሉ።

«ካርታው ላይ አጥሩ የት ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

በሩን ዘጉብኝ።

ባልደረቦቼን አሥር ሜትር ብቻ አንጥፈን ውሃው የሚሄድበትን እስክናይ እናቁም አልኳቸው። ተቆጡ። ከዘገየን ቀጣዩን ቅያስ ለሌላ ማኅበር እንደሚሰጡብን እነሱም እኔም እናውቃለን። ፈርቼ ነበር። ቢሆንም አቆምን፤ ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪዎቹን ጠርተን አራት በርሜል ውሃ ከላይ በአንዴ ለቀቅነው። ውሃው የአቶ ደስታ አጥር ጥግ ጋ ታጠፈና በወይዘሮ ዘይነባ በር ሥር ገባ።

አቶ ደስታ ከዘራቸውን ተደግፈው ያያሉ። «በየክረምቱ እንዲህ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ይኼማ ምን አለው» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ነን፣ ጋሽ ደስታ። አንድ ቀን ቤቴ ገብተው አያውቁም። መንገድ ላይ አስቁሜ እንዴት ብዬ ልንገርዎ?»

አቶ ደስታ «አሁን ልግባ?» አሉ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። አልጋው በብሎኬት ከፍ ተደርጓል። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር እስከ ጉልበቴ ይመጣል። የወይዘሮ ዘይነባ ትንሿ ልጅ «ክረምት ሲሆን እኔ አክስቴ ቤት ነው የምሄደው» አለች። አቶ ደስታ መስመሩን በእጃቸው ዳሰሱት። ሻይ ቀረበላቸው፤ ጠጥተው ወጡ።

ሰኞ ስንመጣ የአጥሩን ቆርቆሮ ብቻቸውን ሲነቅሉ አገኘናቸው። «ቆማችሁ ከምታዩኝ ዲጂኖ አምጡ» አሉን። አጥሩን ወደ ውስጥ አስገብተን እንደገና ተከልንላቸው። ሁለት የኮክ ዛፎቻቸው መቆረጥ ነበረባቸው። ሲቆረጡ ላለማየት ወደ ቤት ገቡ። በተለቀቀው ቦታ ቦዩን ሠራን።

መሐንዲሱ ያለ ፈቃድ ዲዛይን ቀይራለች ብሎ ጻፈብኝ። ቀጣዩን ቅያስም እንደፈራነው ሌላ ማኅበር ወሰደው። ከባልደረቦቼ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አኮረፉኝ፤ አልፈረድኩባቸውም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ አባርቶ ሳለ ሄጄ አየሁት። ውሃው በቦዩ እየወረደ ነው። አቶ ደስታ ሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን ሒሳብ ያስጠኗታል።

«መንገዱ እንዴት ሆነላችሁ?» አልኳቸው ወይዘሮ ዘይነባን።

«መንገዱስ ደህና ነው። ልጄ ዘንድሮ ክረምቱን እቤቷ ነች» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ መሪ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ብዙ መንገድ አንጥፌአለሁ። አዲስ የቡድን መሪ ሲመጣ የምነግረው ይኼንኑ ነው፤ ክር ከመወጠርህ በፊት መንገዱ የሚያልፍባቸውን ቤቶች እያንኳኳህ ግባ። ሰው በሰላም የሚኖርበት ሰፈር መሆን አለመሆኑ ፕላን ላይ አይታይም።