የእትዬ በላይነሽ ግራ እጅ

እትዬ በላይነሽ ናዝሬት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቁርጥማት የሁለቱንም እጆቻቸውን ጣቶች እንደ ዝንጅብል አጣሞ አደረቃቸው። ሶደሬ ፍል ውሃ ቢመላለሱም አልተሻላቸውም።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ የሚከፈተው ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ በማንሳት ነበር። የእሳቸው ጣቶች አልጨበጥ አሉ። ሊቀመንበሩ ገሠሠ፣ ያ ሱሪውን እሳቸው ጋ በነጻ ሲያሰፋ የኖረ ባለጌ፣ እናቱ የሚሆኑትን ሴት በሕዝብ ፊት «መዳፍሽን ዘርግተሽ አብዮቱን በቃህ ትይዋለሽ?» ብሎ ሦስት ቀን አሰራቸው።

አዲስ አበባ ያያቸው ወጣት ሐኪም መገጣጠሚያዎቹን በኦፕራሲዮን ማቃናት እንደሚቻል፣ ለጊዜው ግን የአንድ እጅ ብቻ እንደሚሆን ነገራቸው። «የባሰው ግራዎ ነው፤ ከእሱ እንጀምር» አላቸው። ገሠሠ ይህን ሲሰማ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም መታበት፤ ግራ እጇ ለትግሉ ስለሚያስፈልግ ይታከምላት ይላል።

እትዬ በላይነሽ ሳምንት ሙሉ አሰቡበት። መቀስ የሚይዘው ቀኛቸው ነው። ወደ ሐኪሙ ተመልሰው ሄዱና ደብዳቤውን ከቦርሳቸው ሳያወጡ፣ «ቀኙን ሥራልኝ ልጄ» አሉት።

«ግራውስ?»

«እሱን ተወው፤ ገና በቃህ ብሎ አልጨረሰም።»